ገመዱ አይይዝም

ወንድሜን ሚስቱ ሸሚዝ ስታለብሰው አየሁት። ስድሳ ሊሞላው ሦስት ዓመት የቀረው፣ ዕድሜውን ከዛፍ ጋር ሲታገል የኖረ ሰው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ክንዱን ሰጥቷት ይጠብቃል። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፤ እኔም ወደ መታጠቢያው እያለፍኩ ነው እንጂ ልሰልል ብዬ አይደለም። እጅጌውን በቀኝ ክንዱ ላይ ቀስ እያደረገች ስታወጣ እሱ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን ያያል። "ለሐኪም አሳይ ብዬ ስንቴ ነገርኩህ" ትለዋለች። ዛሬን ልለፍና ከዚያ የፈለግሽበት ውሰጂኝ ይላታል። ቁልፎቹን ከታች ጀምራ ቆለፈችለት፤ አንገቱ ጋ ስትደርስ ዓይኑ በሩ ላይ አረፈና አየኝ። ወዲያው ክንዱን ሰብሰብ አደረገና ሻዩ ፈልቶ እንደሆነ ጠየቀኝ። ሻዩ አልፈላም፣ ውሃውም ገና አልተጣደም። ሊፈላ ነው አልኩት።

ከባሌ ከተፋታሁ ስድስት ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምኖረው ከእነሱ ቤት በስተጀርባ ባለችው ክፍል ነው። አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ ልብስ መስቀያ፣ አለቀ። ግድግዳው ቀጭን ስለሆነ የወንድሜን ማንኮራፋት እየሰማሁ ነው የምተኛው። ከሁለት ወር ወዲህ ግን ማንኮራፋቱ ቆሟል። የሚያንኮራፋው በቀኝ ጎኑ ሲተኛ ነው፤ በቀኝ ጎኑ መተኛት ካቃተው ደግሞ ምክንያቱን ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ቁርስ ላይ ብርጭቆውን በግራ እጁ ያነሳል፣ ስኳሩን በግራ እጁ ያማስላል፣ ሻዩ ጠረጴዛው ላይ ይፈሳል፣ ሚስቱ በጨርቅ ትወለውላለች፣ ማንም ምንም አይልም። እኔ እንደማውቅ ያውቃል፤ እሱ እንደሚያውቅም አውቃለሁ። በእኛ ቤት አንድ ነገር ሁሉም ሰው እስኪያውቀው ድረስ በሹክሹክታ ይወራል፣ ሁሉም ካወቀው በኋላ ግን ጭራሽ አይነሳም። ያን ዕለት ጠዋትም ያወራነው ስለ ዳቦ ነው። ዳቦው እንዳነሰ፣ ዋጋው ግን እንዳላነሰ፣ ድሮ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃ እንደነበር፣ አሁን ለአንድም ሰው ይሉኝታ ካለበት ብቻ እንደሚበቃ። ወንድሜ የራሱን ጨርሶ የእኔን ግማሽ አነሳና በላው። ልጅ ሆነንም እንዲህ ነበር። አባታችን ሲሞት እኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያሳደገኝ እሱ ነው፣ ያስተማረኝ እሱ ነው፣ የዳረኝ እሱ ነው፣ ስፈታም ሻንጣዬን የተሸከመልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ግማሽ ዳቦ ቢበላብኝ አይቆጨኝም።

ሁለታችንም የምንሠራው አንድ መሥሪያ ቤት ነው። የከተማውን የመንገድ ዳር ዛፎች የሚከረክም፣ ሽቦ ላይ የተጋደመውን ቅርንጫፍ የሚያነሳ፣ ነፋስ የጣለውን ግንድ ቆራርጦ የሚጭን መሥሪያ ቤት ነው። እሱ በሞተር መጋዝ ይቆርጣል፤ እኔ የተበላሸውን መጋዝ እጠግናለሁ። መጋዝ እንደ መኪና በቁልፍ አይነሳም። ጎኑ ላይ እጀታ ያለው ገመድ አለ፤ እጀታውን ጨብጦ ሲስቡት ገመዱ ሞተሩን ያሽከረክረዋል፣ ሞተሩ ይነሳል። ሲወራ ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ያደረ ከሆነ ግን መልሶ ይስባል። ገመዱን ነጥቆ ወደ ራሱ ይጎትተዋል፤ ያ ንጥቂያ ከጣት ወደ አንጓ፣ ከአንጓ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ትከሻ ይወጣል፣ ትከሻ ላይ ሲደርስ መሄጃ ያጣና እዚያው ይቀመጣል። ወንድሜ ይህንን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ሠላሳ አርባ ጊዜ ሲያደርገው ኖሯል። የግቢው ሰው ያወጣለት ስም "አንዴ" ነው። ሌላው ሦስቴ አራቴ ሲስብ እሱ በአንዴ ስለሚያስነሳው ነው። ይህን ስም እናቱ ካወጣችለት ስም አብልጦ ይወደዋል።

ከአራት ወር በፊት አዲስ ኃላፊ መጣልን። ገና ወጣት ነው፣ ጫማው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፣ "እባክዎ" ሳይል ሰው አያዝም። እንዲህ ያለውን አለቃ መጥላት እንዴት እንደሚቻል ግራ የገባው ሰው ብዙ ነበር። ሲመጣ አንድ ካርቶን ይዞ መጣ። ውስጡ ዐሥራ ሁለት እጀታ አለ፤ በእያንዳንዱ እጀታ ሆድ ውስጥ ደግሞ ሞላ፣ ሲጫኑት ተጨምቆ ሲለቁት የሚመለስ ጥቅል ሽቦ። ሞተሩ ገመዱን ሲነጥቅ ንጥቂያውን ሞላው ይውጠዋል፣ ለክንድ የሚደርሰው ትርፍራፊው ብቻ ነው። ኃላፊው ይህን ሲያስረዳ ቆራጮቹ አንዱን እጀታ እየተቀባበሉ ያዩት ነበር። ዘጠኝ ናቸው። ሁሉም ከአርባ አምስት ዓመት በላይ ነው፣ ሁሉም የሆነ ቦታ ያመዋል፣ ሁሉም ዝም ብሎ አገላበጠው። በመጨረሻ ነጎድጓድ ጋ ደረሰ። ነጎድጓድ የምንለው ሲያንሾካሹክ እንኳ ጎረቤት ስለሚሰማው ነው። እጀታውን ጫን ለቀቅ አደረገው፣ ሞላው ሲተነፍስ አየና፣ "ይሄማ የአራስ እጀታ ነው" አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ያንን እጀታ የሚነካ ወንድ ጠፋ፤ ካርቶኑ እኔ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማስታወቂያ ተለጠፈ። እያንዳንዱ ቆራጭ ያደረ መጋዝ በሦስት ሙከራ ማስነሳት አለበት፤ ያልቻለ ወደ ችግኝ ጣቢያ ይዛወራል። ችግኝ ጣቢያ ማለት የውሃ ማጠጫ ይዞ በችግኝ መሃል ሲዞሩ መዋል ነው። ክፉ ሥራ አይደለም፣ ጥላ አለው፣ መቀመጫ አለው። ለወንድሜ ግን ከመቀበር አይለይም፤ እዚያ ከሚወረውሩኝ ቀጥ አድርገው ይቅበሩኝ ብሎ ለሚስቱ ሲነግራት በግድግዳው ሰምቻለሁ። እኔንም ኃላፊው ቢሮው ጠራኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነኝ፤ በየስድስት ወሩ ውሌ ይታደሳል። ቋሚ የምሆንበት ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ የቀረው ፊርማ ነው። እባክዎ ይቀመጡ አለኝና የቆራጮቹ ፈተና የእኔም ፈተና እንደሆነ አስረዳኝ። በዕለቱ የጥገና ጉድለት ካልተገኘ ማምሻውን ይፈርማል፤ ከተገኘ ግን ይቅርታ አለኝ። ወንድሜና እኔ አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለናል ማለት ነው።

የወንድሜ መጋዝ እጀታ ጥቁር ነው፣ አሮጌ ነው፣ የጣቶቹ ቦታ ሰርጎበታል። ሰው እንዲነካበት አይወድም። ባለፈው ወር ዓይኔን በጨው አጥቤ አዲሱን እጀታ ልግጠምልህ ብዬው ነበር። "ለእኔ? ለአንዴ?" አለኝ። ራሱን በቅጽል ስሙ የሚጠራን ሰው መምከር አይቻልም። ስለዚህ የፈተናው ዋዜማ ዕለት ሁሉም ምሳ ሲወጣ የጥገና ክፍሌን በር ዘጋሁ። አሮጌውን እጀታ መቆንጠጫው ሞርሳ ላይ አስሬ ሆዱን በመብሻ ሰፋ አደረግሁት፤ ከአዲሶቹ እጀታዎች የአንዱን ሞላ አውጥቼ ከተትኩበት፣ ገመዱን በመሃሉ አሳልፌ ቋጠርኩት፣ አፉን መልሼ ደፈንኩት። ከውጭ ሲታይ ያው የድሮው ጥቁር እጀታ ነው። የጣቶቹ ቦታም አልተነካም። ሥራው ስላማረልኝ ብቻዬን ሳቅሁ። ወንድሜ ሳያውቅ ያልፋል፣ ኃላፊው ይፈርማል፣ ማንም ማንንም አያመሰግንም። ለእኛ ቤት ሰው ከዚህ የተሻለ አጨራረስ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዘጠኙም ግቢው ውስጥ ተሰለፉ። መጋዞቹ የሌሊቱን ብርድ እንደጠጡ ሲሚንቶው ላይ ተደርድረዋል። መጀመሪያ የተጠራው ረጅሙ ነው፤ ለእሱ ስም ለማውጣት ማንም አልተቸገረም። ሁለቴ ሳበ፣ ሞተሩ አስነጥሶ ዝም አለ። በሦስተኛው ገመዱ እጀታውን ከእጁ ላይ ነጠቀው፤ ረጅሙ ጣቶቹን ብብቱ ውስጥ ወሽቆ ቀረ። ኃላፊው መጋዙን እንዳይለት ጠየቀኝ። ሄጄ ሳብኩት፣ በሁለተኛው ተነሳ። ሰው በተሰበሰበበት እንደዚያ ቀን መጋዝ እንቢ ባለኝ ብዬ ተመኝቼ አላውቅም። ደህና ነው አልኩ፤ ምን ልበል? ኃላፊው "እባክዎ ከምሳ በኋላ ወደ ችግኝ ጣቢያ ይሂዱ" አለው። ረጅሙ ሄልሜቱን አውልቆ ውስጡን አየ፣ እዚያ ውስጥ የሆነ ነገር የተጻፈ ይመስል፣ ከዚያ ብብቱ ሥር አድርጎት ሄደ። ሌሎቹ የጫማቸውን ክር እያሰሩ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያሉት አለፉ፣ ማለፍ ከተባለ። አንዱ በሁለተኛው አስነሳና ወገቡን ይዞ ለረጅም ጊዜ ቀና ሳይል ቆየ፤ የወደቀ ብሎን የሚፈልግ አስመስሎ። ሌላው ከሳበ በኋላ ከንፈሩ ነጭ ሆነ። ነጎድጓድ በሦስተኛው ነው ያስነሳው፤ ፊቱ ላይ ያለው ደም ሥር ሁሉ ተገታትሮ፣ "ብርዱ ነው" አለ፣ ማንም ሳይጠይቀው። መጨረሻ ላይ ወንድሜ ተጠራ። ሰው ሁሉ ነቃ አለ፤ የአንዴ ተራ እንደ ትርኢት ነው የሚታየው። እግሩን መጋዙ ላይ አሳረፈ፣ እጀታውን ጨበጠ። የእሱ አሳሳብ የራሱ ነው። መጀመሪያ ገመዱን ቀስ አድርጎ ትንሽ ይስበዋል፤ ውስጥ ያለው ጥርስ ሲይዝ እጁ ላይ ጠንከር ይልበታል፤ ያ ጥንካሬ ሲመጣ ያኔ ነው በአንዴ የሚስበው። ቀስ አድርጎ ሳበ። እኔም እዚያ በሩ ላይ ቆሜ ጥፋቴን ያወቅሁት ያኔ ነው። ሞላው ካለ ያ ጥንካሬ አይመጣም። ይመጣል፣ ግን ለስልሶ፣ ተሸፋፍኖ ነው የሚመጣው። ስለ ትከሻው አንድ ወር ሙሉ ሳስብ ስለ መዳፉ አንዴም አላሰብኩም።

እንደገና ቀስ አድርጎ ሳበ። ቆመ። ቀና አለና እኔን ሳያይ ለኃላፊው፣ "ገመዱ አይይዝም። አልተጠገነም" አለው።

እስከ ዛሬ የማላውቀው ነገር ይሄ ነው። የምሩን ይሁን፣ ወይስ ያንን ሕመም ላለመቀበል ሰበብ አግኝቶ እፎይ ብሎ ይሁን። በዚያ ብርድ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። አልጠየቅሁትም፣ አልጠይቀውምም። ኃላፊው ወደ እኔ ዞሮ ጉድለት አለበት ወይ አለኝ። የለበትም ብል ይፈተሽ ይባልና እጀታው ውስጥ ያለው በነጎድጓድ ፊት ሊዘረገፍ ነው። ሌላ መጋዝ ይሰጠው ቢባል ደግሞ ሞላ በሌለው ደረቅ እጀታ ትከሻውን አውልቆት ከረጅሙ አጠገብ ችግኝ ሊያጠጣ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሠራሁት መጋዝ ተመልሶብኝ አያውቅም፣ መጀመሪያ የመለሰብኝ የገዛ ወንድሜ። አዎ፣ የእኔ ጥፋት ነው፣ አምስት ደቂቃ ይስጡኝ አልኩ። ኃላፊው በትሕትና ራሱን ነቀነቀና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ረጅም አልነበረም የጻፈው፤ ሁለት ቃል ነው።

መጋዙን ይዤ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ምንም አልነካሁትም። ወንበሬ ላይ ተቀምጬ አየሁት። ውጭ ላለው ሰው እንዲሰማ በመዶሻ አንድ የማይረባ ብረት ቀጠቀጥኩ፣ ትንሽ አረፍኩ፣ እንደገና ቀጠቀጥኩ። ወንድሜን በሆዴ ሰደብኩት። አባታችን ቢኖር ሰምቶት የማያውቅ ስድብ ነው የሰደብኩት፤ እያለቀስኩም ነበር መሰለኝ፣ አፍንጫዬን በቱታዬ እጅጌ ጠረግሁ። አምስት ደቂቃው ሲሞላ ይዤው ወጣሁና እግሩ ሥር አስቀመጥኩት። ጎንበስ እንዳልኩ ለእሱ ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣ "ጋሼ፣ እንደያዘ ቁጠረውና ሳብ" አልኩት። አንዴ አየኝ። ሳበ። ሞተሩ ተነሳ፣ በአንዴ። አጨበጨቡ፣ ከሁሉም በላይ ነጎድጓድ። ወንድሜ ግን መጋዙን ይዞ ቆሞ ቀረ፤ ሕመሙን እየጠበቀ ነበር፣ ሕመሙ ደግሞ አልመጣም። ፊቱ ላይ እንደዚያ ያለ ግራ መጋባት ያየሁት ሎተሪ የደረሰው አንድ ጎረቤታችን ላይ ብቻ ነው። ኃላፊው "ብቁ" ብሎ ጻፈለት።

በምሳ ሰዓት መጋዙን አንጠልጥሎ እኔ ጋ መጣ። ምን እንደነካሁበት ጠየቀኝ። ምንም አልኩት። ምንም? አለ። ዛሬ ምንም አልነካሁም፣ የነካሁት ትናንት ነው አልኩት። እጀታውን በሁለት ጣቱ ያዘና አንድ ስንዝር ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ደግሞ ሳብ አድርጎ ለቀቀው። ሃያ ስድስት ዓመት ገመድ የሳበ ሰው ነው፤ እንዲከፈትለት አልጠየቀም፣ ምን እንዳለበትም አልጠየቀም። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን መፍቻዎች በተራ በተራ ሲያይ ቆየና፣ ምሳ በላሁ ወይ አለኝ። በላሁ አልኩት። ወጣ። ስለ ጠዋቱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። አንጀቴ አረረ፣ ግን ለምጄዋለሁ።

ለካ ወንድሜ ከእኔ ጋ እንደወጣ ነጎድጓድም መጋዙን ልይልህ ብሎ አንስቶት ኖሯል። እሱም እጀታውን አንድ ስንዝር ሳብ አድርጎ ነው ያወቀው። ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ የራሱን መጋዝ ታቅፎ በሬ ላይ ደረሰ፣ ወደ ኋላ አየ፣ ገባ፣ በሩን በጀርባው ዘጋ። ከዚያ አንሾካሾከ፤ ደግነቱ ከውጭ የጭነት መኪናው ሞተር እያጓራ ነበር። የአንዴን ዓይነት አድርጊልኝ አለኝ፣ ከውጭ የማይታየውን፣ ደግሞ ለማንም እንዳትናገሪ፣ በተለይ ለአንዴ። የአራሱን ማለትህ ነው? ልለው ነበር፣ ተውኩት። ቅጽ ሙላ አልኩት። እኛ ጋ ያለ ቅጽ መጋዝ አይቀመጥም፤ ባለመጋዙ የጉድለቱን ዓይነት ይጽፋል፣ አንዱ ቅጂ እኔ ጋ ይቀራል፣ ሌላው ወደ ኃላፊው ቢሮ ይሄዳል። ነጎድጓድ እስክሪብቶውን ይዞ አሰበ፣ አሰበና፣ ጠዋት ወንድሜ ያለውን ጻፈ፤ "ገመዱ አይይዝም።" ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያ ወገቡን ይዞ የቀረው መጣ፤ እሱም ሰው ሳያየው የወንድሜን እጀታ ሳብ አድርጎ አይቷል። ከእሱ በኋላ ከንፈሩ ነጭ የሆነው። እያንዳንዱ ወደ ኋላ አይቶ ነው የሚገባው፣ እያንዳንዱ ለማንም እንዳትናገሪ ነው የሚለው፣ እያንዳንዱ ገመዱ አይይዝም ብሎ ነው የሚጽፈው። አንዱ የሌላውን መጋዝ እንዳያይ ሸራ አለበስኳቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሸራው ሥር ሰባት መጋዝ አለኝ። ከወንድሜና ከረጅሙ በቀር አንድም የቀረ የለም። ከልቤ ሳቅሁ። ዐሥራ አንድ ሞላ አለኝ፣ ለሁሉም ይበቃል፣ ነገ ጠዋት እጀምራለሁ ብዬ እጄን ታጠብኩ። የቅጾቹ ሁለተኛ ቅጂ የት እንደሚሄድ ትዝ አላለኝም።

ዐሥር ሰዓት ተኩል ላይ ኃላፊው ራሱ መጣ። ቆራጮቹ ሰርቪሱን እየጠበቁ ከእኔ በር ፊት ለፊት፣ አጥሩ ሥር ቆመው ነበር። በእጁ የያዘውን ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋው። ጠዋት እሱ የጻፈው አለ፣ ከሰዓት የመጡት ሰባቱ አሉ። "በአንድ ቀን ስምንት መጋዝ፣ አንድ ዓይነት ጉድለት" አለኝ። "እባክዎ ይረዱኝ። ይህንን ይዤ መፈረም አልችልም።" ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን ግቢው ጸጥ ብሎ ስለነበር ሁሉም ሰማ። ሸራውን ገልጬ ነገሩን ሁሉ መናገር እችል ነበር። አፌ እንቢ አለኝ። አደራ ያሉኝ ሰዎች ናቸው፣ ነገሩ ደግሞ ወንድሜንም ይነካል። ወደ አጥሩ አየሁ። ሰባት ትልልቅ ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ ሰማይ አንጋጠዋል፤ ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም። ነጎድጓድ ሳል ጀመረው።

ወንድሜ ከመሃላቸው ወጣ። ቀስ ብሎ ነው የመጣው፣ የምሳ ዕቃውን በግራ እጁ እንዳንጠለጠለ። አጠገቤ ቆመና ለኃላፊው የእሱን ወረቀት እንዲሰርዘው ነገረው። ኃላፊው ለምን አለው።

"ገመዱ ደህና ነው" አለ ወንድሜ። "ክንዴ ነው።"

ወንድሜ ጉሮሮውን ጠረገ፤ አንዴ የጀመረውን ነገር መሃል ላይ መተው አያውቅም። ቀኝ ክንዱ ከትከሻው በላይ መነሳት ካቃተው ሁለት ወር እንዳለፈው፣ እህቱ እጀታው ውስጥ ሞላ ከትታለት እንዳለፈ፣ ጠዋት ጥፋቱን እሷ ላይ የጣለው እሱ ራሱ እንደሆነ፣ የቤት አድራሻ እንደሚያስመዘግብ ሰው በደረቁ ተናገረ። ሁሉም ይሰማሉ፤ እንዲሰሙም ነው የተናገረው። ጋሼ በቃ ልለው ፈልጌ ነበር፣ እንዳይበቃውም ፈልጌ ነበር። ኃላፊው ማስታወቂያውን ከኪሱ አውጥቶ አነበበው። "ስለ እጀታ የሚል ነገር የለውም" አለ ቆይቶ፤ በሦስት ሙከራ ነው የሚለው፣ እርስዎ በአንዱ አስነስተዋል። ግን እባክዎ ሰኞ ሐኪም ጋ ሄደው ወረቀት ያምጡልኝ፣ ሐኪሙ መጋዝ መያዝ የለበትም ካለ እኔ ምንም ላደርግልዎ አልችልም አለው። ወንድሜ እሺ አለ። ኃላፊው ከስምንቱ ወረቀት አንዱን አነሳና ሁለት መስመር አሰመረበት። ከዚያ ቀና ብሎ ወደ አጥሩ አየ፤ ጠበቀ። የመናገሪያው ጊዜ ያ ነበር። ከሰባቱ አንዱ ሰዓቱን አየ። "ሰባቱ ግን አሁንም ሰባት ናቸው" አለኝ ኃላፊው።

ያኔ ተናደድኩ። የሚያስለቅስ አልነበረም፣ ጥርት ያለ ንዴት ነው። ወረቀቶቹን ሰበሰብኩና ተቀመጥኩ። ከቅጹ ግርጌ "የጥገና ክፍል አስተያየት" የሚል ቦታ አለ፤ ማንም የሚሞላው የለም፣ ዘጠኝ ዓመት ባዶውን ነው የኖረው። በሰባቱም ላይ፣ "ተፈትሿል፤ ጉድለት አልተገኘበትም" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ። ውሸት የለበትም። ገመዶቹ ይይዛሉ፣ ሁሉም ጠዋት ተነስተዋል፣ ያስነሷቸውም እነሱ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሸራውን ገፈፍኩና መጋዞቹን አንድ በአንድ አውጥቼ ሲሚንቶው ላይ ደረደርኳቸው፣ ከነደረቅ እጀታቸው፣ እንደመጡ። ሰባቱ ሰዎች መጀመሪያ መጋዞቹን አዩ፣ ቀጥሎ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ኃላፊው ወረቀት የሚያከብር ሰው ነው። ሰባቱንም አነበበ፣ እኔን አየኝ፣ መጋዞቹን አየ፣ አጥሩ ሥር ያሉትን አየ። የገባው ይመስለኛል፤ ጅል አይደለም። ከአቃፊው ውስጥ ደብዳቤዬን አወጣና እዚያው፣ ዘይት በነካው ጠረጴዛዬ ላይ ፈረመልኝ። እንኳን ደስ አለዎት ብሎ ጨበጠኝና ሄደ። እጁ ዘይት እንደሆነ ቢሮው ሲደርስ ነው የሚያየው።

ወንድሜ እዚያው ቆሟል። መጋዞቹን እያየ ጨከንሽባቸው አለኝ። ሞላው መሳቢያዬ ውስጥ አለ፣ የፈለገ ይምጣና ያመመውን ይናገር አልኩት። ደብዳቤውን ተቀብሎ በግራ እጁ ይዞ አነበበው፣ ከላይ እስከ ታች፣ ማኅተሙንም ጭምር። "ቋሚ ሆንሽ" አለና ፊቱን አዞረብኝ። አጣጥፎ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተተው፣ የራሱ ደብዳቤ ይመስል። ደብዳቤውን ስጠኝ አላልኩትም። ሰርቪሱ መጥቶ ቆመ፣ ወንድሜ ቦታ ልያዝልሽ ብሎ ሄደ፣ ሌሎቹም ተንጋግተው ገቡ። እኔ መብራቱን ላጠፋ ስል ነጎድጓድ በሩ ላይ ቆሟል።

አንድ ነገር ተናገረ። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ እንጂ ድምፁ አልወጣም፤ ያ ሲያንሾካሹክ ጎረቤት የሚሰማው ሰውዬ። አልሰማሁህም አልኩት።

"ትከሻዬ ነው" አለ።

አዲስ ቅጽ አውጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩለት፣ እስክሪብቶ ጨመርኩለት። ወደ ሰርቪሱ ዞር ብሎ አየ፤ በእያንዳንዱ መስኮት ላይ አንድ አንድ ፊት አለ። ቅጹን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ አነበበው።

"ትከሻ የቱ ጋ ነው የሚጻፈው?" አለኝ።

"የጉድለቱ ዓይነት የሚለው ላይ" አልኩት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ነጎድጓድ ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ መጻፍ ጀመረ።